ሰባት ቤትና አንድ ጣቃ ጨርቅ

ነገሩ በሙሉ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ዶላር፣ ሱቄን ዘግቼ የዋልኩባቸው ሦስት ቅዳሜዎች፣ እና አባቴ ሳያናግሩኝ የከረሙባቸው አሥራ አንድ ቀናት አስወጣኝ። የመኪና ማቆሚያ ቅጣቱ ከገንዘቡ ውስጥ ተቆጥሯል። በዚህ ሁሉ ወጪ ያገኘሁት፣ ከመቶ ስልሳ ምናምን ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር ጨርቅ ሰርቆ በመርከብ ወደ አውስትራሊያ የተጋዘ አንድ ሌባ ነው።

ሱቄ ሲያትል፣ ሬኒየር ቢች ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሻማ፣ የሐበሻ ልብስ እሸጣለሁ፤ በዚያን ጊዜ አገር ቤት መደወያ ካርድም ነበረኝ፣ እንዲያውም ከበርበሬው ይልቅ የሚያበላኝ ካርዱ ነበር። ከዚያ በፊት መርካቶ ነበርኩ። በአሥራ አራት ዓመቴ ከአባቴ ቤት ወጥቼ አጎቴ ዘንድ ገባሁ፤ መጀመሪያ ጣቃ ጨርቅ ተሸከምኩ፣ ቀጥሎ ለካሁ፣ ቀጥሎ ሸጥኩ። በመሃሉ ሁለት ዓመት ሱቅ በደረቴ ይዤ ዞሬያለሁ። ትምህርት ቤቴ ይኸው ነው። አንድ ጣቃ ጨርቅ ጋቢ ሥር ሲገባ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ይዘው ሲወጡም፣ ይዘው ሲያዙም አይቻለሁ።

አባቴ ሰሜን ሸዋ አንዲት ትንሽ ከተማ ሠላሳ ዓመት አጥቢያ ዳኛ ነበሩ። እናቴ ካረፈች በኋላ ሲያትል አመጣኋቸው። ጠዋት ጠዋት በአውቶቡስ ሰፈራችን ያለበትን ሸለቆ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዱበታል፤ ከሰዓት ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ የሚፈርዱትን ዳኞች ያያሉ። እንግሊዝኛ ከጥቂት ቃል በቀር አይሰሙም፤ ፍርዱን ግን ሁልጊዜ ይቃወማሉ። "ይህቺ ሴትዮ ተከሳሹን ሳታስጨርስ ትጮኻለች" ይላሉ። "በእኔ ችሎት አንድም ቀን አልተጮኸም።"

ልጄ ታኮማ እየተመላለሰች የምትሠራ ነርስ ናት። እዚያው ወደብ ላይ ክሬን የሚነዳ ፈረንጅ ወደደችና አንድ እሑድ ይዛው መጣች። ቁመቱ በራችንን ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ነው፤ ጫማውን ሳይነግሩት አወለቀ፣ አባቴን ጉልበታቸውን ሳመ። ማን እንዳስተማረው ግልጽ ነው። አባቴ ደስ አላቸው፤ አጠገባቸው አስቀመጡት።

"የማን ልጅ ነህ በዪልኝ" አሏት ልጄን።

የአባቱን ስም ተናገረ፤ ከዚያ የቤተሰቡን ስም አከለ።

"አያቱ መሆኑ ነው" አሉ አባቴ። እኔም እንደዚያ ነው የመሰለኝ። "የአያቱስ አባት?"

ልጁ ጣሪያውን አየ።

"ሂ ዳዝንት ኖው፣ አባባ" አለች ልጄ።

"ሁለት ብቻ?" አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። "ማዶ ያለው ሰውዬ ውሻው እስከ አምስት ትውልድ የተጻፈ ወረቀት አለው ብለኸኝ አልነበር?"

እኛ ቤት ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የወንዱም የሴቷም አባት፣ የአባት አባት እየተባለ እስከ ሰባት ይወጣል፤ ስም ከስም ከገጠመ ዘመዳሞች ናቸውና ጋብቻው ይቀራል። እኔ የራሴን ሰባት ያጠናሁት በልጅነቴ ነው፤ ስሳሳት ጆሮዬን ይቆነጥጡኝ ነበር። እስከ ዛሬ በእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እቆጥረዋለሁ።

"አባዬ" አልኳቸው፣ እንግዳው ከሄደ በኋላ፣ "ከአውስትራሊያ ሰው ጋር ምን ዝምድና ይኖረናል ብለው ነው?" የልጁ አባት ከዚያ አገር በመርከብ ሥራ መጥቶ ታኮማ የቀረ ሰው ነው።

"አይኖርም የምትለው ቆጥረህ ነው?"

"አልቆጠርኩም፣ ግን—"

"ሳይቆጠር አልመርቅም።"

ልጄ ይህን ስትሰማ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። አዳራሹ ለዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ተይዟል፤ ቀብዱን ከፍለናል። "አባባ ካልመረቀኝ አላገባም" አለች፣ በአማርኛ። ይህቺ ልጅ አማርኛ የምታወራው ነገሩ የምር ሲሆን ብቻ ነው። "ሶ አባዬ፣ ፊክስ ኢት" ብላኝ ተመለሰች።

እንዲህ ሆኖ ገባሁበት። ኢንተርኔት ላይ የዘር ሐረግ የሚፈልግ አንድ ድርጅት ዘንድ በወር እየከፈልኩ ተመዘገብኩ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅጽ ስሞላ "የመጨረሻ ስም" የሚለው ቦታ ላይ የአያቴን ስም እጽፋለሁ፤ እነሱም እንደዚያው የሚጽፉ ነበር የሚመስለኝ። ሶ፣ የልጁን የመጨረሻ ስም እንደ አያቱ ስም ወስጄ ፈለግሁ። ለመጥፎ ዕድሌ ስሙ እንደ መጀመሪያ ስምም የሚያገለግል ዓይነት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ እንዲያ የሚባል፣ በልጁ አባት ስም የሚጠራ ልጅ የወለደ ሰው በአንድ ሌሊት ተገኘ። ከእሱ በላይ ያለውን ደግሞ ሌላ የማላውቀው ሰው ቀድሞኝ ቆጥሮ አስቀምጦታል። ጣቴን ብቻ እያንቀሳቀስኩ ሰባተኛው ላይ ስደርስ ቄስ ሆኖ አገኘሁት። እንግሊዝ አገር፣ የራሱ ደብር ያለው ቄስ፤ ፎቶ እንኳ ባይኖረው ሥዕል አለው።

አሳተምኩት፣ በፍሬም አስገባሁት፣ ለአባቴ አነበብኩላቸው።

"ካህን" አሉ።

"ካህን።"

"እኔ እኮ ጉልበቴን ሲስመኝ አውቄዋለሁ።"

ከዚያ ስልኩን ያዙ። አገር ቤት ያለ ዘመድ ሁሉ ተደወለለት፤ ሙሽራው ከካህን ወገን መሆኑ ተነገረ። አሥራ ሰባት ቤት ነው የደወሉት። ካርዱን በመጣበት ዋጋ አሰብኩላቸው፣ ማለትም ለራሴ።

በሳምንቱ የልጁን አባት ራት ጠራነው። ስድሳ ያለፈው፣ ዝምተኛ፣ እጁ ገመድ ሲጎትት የኖረ ሰው ነው። ዶሮውን በላ፤ ደግሞ በላ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ፍሬም ጠጋ ብሎ አየና ልጄን አንድ ነገር ጠየቃት። ልጄ እኔን አየችኝ።

"እነዚህ እነማን ናቸው እያለ ነው።"

"የእሱ ናቸዋ" አልኩ።

ሰውየው መነጽሩን አውጥቶ ከላይ እስከ ታች አነበበ። አንዱንም አያውቀውም። አባቱ እንዲያ አይባልም፤ ሀብታም ቄስም ወገኑ ውስጥ ኖሮ አያውቅም፤ ኖሮ ቢሆን ክሬን ሥር ሠላሳ ዓመት አልቆምም ነበር አለ። ይህን ሲል በጣም ጨዋ ነበር። ልጄ ለአባቴ ሳትተረጉምላቸው ቀረች። እኔም ዶሮ ጨመርኩለት።

የመጀመሪያዋን ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ መሃል ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ፓርክ ያደረግሁበት ቦታ የማይቆምበት ኖሯል፤ ቅጣቱ ያ ነው። ከላይኛው ፎቅ የዘር ሐረግ ለሚፈልጉ በነፃ የምትረዳ አንዲት አሮጊት ነበረች። ሹራብ እየሠራች ፍሬሜን አየችና ሳትስቅ አስረዳችኝ። ስሙ አያቱ አይደለም። ስሙ የሁሉም ነው፤ አባቱም፣ አያቱም፣ የአያቱም አያት በዚያው ስም ይጠራሉ።

"ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ በአንድ ስም?" አልኳት።

"ብዙ ጊዜ" አለች።

"የማን ልጅ የማን እንደሆነ በምን ይለያሉ?"

"በወረቀት" አለችና ወረቀቱ የት እንዳለ አሳየችኝ።

ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ቅዳሜ እዚያው አለቁ። ከልጁ ጀምረን አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን አገኘን፤ የልደት ወረቀት አንድ በአንድ በክፍያ ከአውስትራሊያ አስመጣሁ። አምስተኛው ታስማንያ በምትባል ደሴት የተወለደ ነው። የእሱ የልደት ወረቀት ላይ የአባት ሥራ በሚለው ቦታ፣ ዕቃ ተሸክሞ ከእርሻ ወደ እርሻ እየዞረ የሚሸጥ ተብሏል። እኛ ሱቅ በደረቴ የምንለው ነው። ስድስተኛው ሰው ይህ ነው። ደስ አለኝ፤ ነጋዴ ነው ብዬ።

አሮጊቷ ሌላ መዝገብ ከፈተች። "ይኸውልህ፣ እዚህም አለ" አለች።

የእስረኛ መዝገብ ነው። ቁመቱ፣ የፊቱ ቀለም፣ ግንባሩ፣ ቅንድቡ፣ አፍንጫው፣ አገጩ ለየብቻ ተጽፏል፤ ግራ ክንዱ ላይ መልሕቅ ተነቅሷል። አንድ ኮንቴይነር በርበሬ ሳስገባ ጉምሩክ ይህን ያህል አልጠየቀኝም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከአንድ ሱቅ አንድ ጣቃ ሰማያዊ ጨርቅ ሰረቀ። ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ወደብ ላይ በቆመ አሮጌ መርከብ ውስጥ ወራት ታሰረ፣ ከዚያ አራት ወር በባሕር ተጓዘ፣ ከዚያ ለአንድ ገበሬ ሥራ ተሰጠ። ከሥሩ ደግሞ ጥፋቶቹ ተደርድረዋል። ለአሠሪው መልስ ሰጠ፤ አሥር ቀን ጨለማ ቤት። ጠጥቶ ተገኘ፤ የእግር ወፍጮ፣ ማለትም በእግር የሚዞር ትልቅ መንኮራኩር ሲረግጡ መዋል። አንድ ሌሊት ከእርሻው ጠፍቶ አደረ፤ እንደገና ወፍጮ። የት እንዳደረ አልተጻፈም። ሲጨርስ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ተሰጠው፣ በእሱው መንገድ ተግዛ የመጣች ሴት አገባ፣ ጨርቅና መርፌ ተሸክሞ መዞር ጀመረ። የመጀመሪያውን ዕቃ ከየት እንዳመጣ አልተጻፈም።

መዝገቡ ጥግ ላይ እስረኛው አገሩ ትቶት የመጣው አባት ስም ሰፍሯል። ሰባተኛው እሱ ነው። አሮጊቷ እንደነገረችኝ እንዲህ ያለ ድሃ የእርሻ ሠራተኛ ስሙ በቀላሉ አይገኝም፤ የተገኘው ልጁ ስለሰረቀ ነው። ባይሰርቅ ኖሮ ስድስት ላይ ቆመን እንቀር ነበር።

ሰባቱ ሞሉ። አሁን የቀረው ለአባቴ መናገር ነበር።

ዋሽቼ አላውቅም አልልም፤ ነጋዴ ነኝ። ቄሱን ግድግዳው ላይ ትቼው ሠርጉን ማሳለፍ ይቻል ነበር። ግን ወረቀቱን ለልጁ አባት ሰጥቼው ነበር፤ እሱ ደግሞ በደስታ ያብዳል ብዬ አልጠበቅሁም። በማግስቱ ኮል አደረገና ሥራ ቦታ ላለ ሰው ሁሉ ቢራ መጋበዙን፣ መዝገቡን በትልቁ አሳትሞ ወጥ ቤቱ መስቀሉን ነገረኝ። ታኮማ ወደብ ሙሉ ያወቀውን ነገር ሬኒየር ቢች ውስጥ መደበቅ ከንቱ ነው።

ፍሬሙን አውርጄ አባቴ ፊት ቆምኩ።

"ቄሱ የሌላ ሰው ነው" አልኩ። "የእኛው ስድስተኛው ሌባ ነው። ጨርቅ ሰርቆ ተግዟል።"

ፍሬሙን ከእጄ ተቀብለው ሶፋው ላይ በፊቱ ደፉት።

"ይህን የቄስ ነገር ማን ነገረህ?"

"ኢንተርኔት።"

"ኢንተርኔት መሐላ ፈጽሞ ነው የመሰከረው?"

"አይፈጽምም፣ አባዬ።"

"አሥራ ሰባት ቤት አስደወልከኝ" አሉና ቴሌቪዥናቸውን ከፈቱ። ለአሥራ አንድ ቀን ከእኔ ጋር ያደረጉት የመጨረሻ ንግግር ይኼ ነው። ማዕድ ላይ እንኳ ለልጄ "ያን ሰውዬ ጨው ያቀብለኝ በዪው" ይሏታል፤ እኔ አቀብላለሁ፤ ለእሷ "እግዜር ይስጥልኝ" ይላሉ። ልጄ በዚያ ሳምንት ለአዳራሹ ባለቤት ደውላ ቀብዱ ይመለስ እንደሆነ ጠየቀች። አይመለስም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው፣ "የልጁ አባት ከነመዝገቡ ይቅረብ" አሉ። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

ሰውየው በፌብሩዋሪ ቁምጣ ለብሶ መጣ። አባቴ ሶፋው ላይ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል።

"ሱሪውን የት ጣለው?"

"አባባ፣ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የሚለብሰው።"

"ይቀመጥ።"

ተቀመጠ። ልጄና እጮኛዋ በሩ አጠገብ ቆሙ። ልጄ ከንፈሯን እየነከሰች ትተረጉማለች።

"ምን ሰረቀ?"

"ጨርቅ። አንድ ጣቃ፣ ሰማያዊ።"

"እጅ ከፍንጅ ነው?"

"ለሌላ ሱቅ ሊሸጥ ሲል ተይዞ ነው።"

"በዚያው ከተማ?" አልኩ እኔ።

ሰውየው ወረቀቱን አየ። በዚያው መንገድ ላይ ነው።

"ይኼማ ጅል ነው" አልኩ።

አባቴ ዞር ብለው አዩኝ። "ያልተጠየቀ ምስክር ዝም ይበል።" ያኔ መታረቃችን እንደማይቀር ገባኝ።

"ስንት ተፈረደበት?"

"ሰባት ዓመት።"

"ለአንድ ጣቃ?"

"የስ፣ አባባ።"

"ዳኛው ጠጥቶ ነበር?"

"ኢት ዳዝንት ሴይ።"

"እኔ ብሆን ሦስት ወር ነው። ከነማስጠንቀቂያው።" ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረጉ። "ጨርሶታል?"

ሰውየው የነፃነት ወረቀቱን ግልባጭ አወጣ። አባቴ መነጽራቸውን አጥልቀው ተቀበሉት። ፊደሉን አያነቡትም፤ ማኅተሙን ግን ለረጅም ጊዜ አዩት። "ማኅተም አለው" ብለው መለሱ። ከዚያ ቀና ብለው ሰውየውን ተመለከቱት። "ምን ያስቀዋል?"

ልጄ አመነታች። "ኮርቶ ነው፣ አባባ። እነሱ አገር አሁን የእንደዚህ ዓይነት ሰው ዘር መሆን... ላይክ፣ ያኮራል።"

"ስርቆቱ?"

"ኖ። ሳይሞት መቅረቱ።"

አባቴ ይህን ትንሽ አሰቡበት። ተቃውሞ አላቀረቡም።

"የጨርቁ ባለቤትስ? ተመለሰለት?"

ሰውየው ገጾቹን አገላበጠ። ልጁም ጎንበስ ብሎ አብሮት ፈለገ። የትም የለም።

"ይኸው" አሉ አባቴ። "አንዱን ሰው ባሕር አሻግረው ዓለም ጫፍ ወሰዱት፤ ቅንድቡን ሳይቀር ጻፉ። ባለ ሱቁን የጠየቀው የለም። ይህ መዝገብ አልተዘጋም።"

እኔ ሱቅ አለኝ። በሳምንት አንድ ሁለት ዕቃ ይጠፋብኛል፤ ማንም መጥቶ የጠየቀኝ የለም። ያልተጠየቅሁ ምስክር ስለነበርኩ ዝም አልኩ።

አባቴ ተነሡ። ብይን ሲሰጡ ይቆማሉ።

"ጥፋቱን በሥጋው ከፍሏል፤ በእሱ ምክንያት ሠርጉ አይከለከልም። ካሣው ግን ቀርቷል፤ ዘሩ ይክፈል። አንድ ጣቃ፣ ሰማያዊ።"

"ለማን፣ አባባ? ባለ ሱቁ እኮ ሞቷል።"

"ባለ ሱቅ ይኸው ተቀምጧል" ብለው በከዘራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። "አንተ ደግሞ የሐሰት ማስረጃ አቅርበሃል። አሥራ ሰባቱም ቤት ትደውላለህ። በአፍህ ታርማለህ።"

"እሺ።"

"በካርድህ።"

ደወልኩ። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። አንዷ አክስቴ ጨርሳ ካዳመጠችኝ በኋላ "ሌባው ሀብት አፍርቶ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። አላፈራም ስላት አዘነች።

የልጁ አባት በሳምንቱ ጣቃውን በትከሻው ተሸክሞ ሱቄ ገባ፤ ያው በቁምጣው። ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ሳልጠይቀው ደረሰኙን አሳየኝ። በእጄ ዳሰስኩት፤ ጥሩ ጥጥ ነው። ተጨባበጥን።

ምርቃቱ ከሠርጉ በፊት ባለው ቅዳሜ ሆነ። ልጄና እጮኛዋ ተንበረከኩ። ልጁ ሰባቱን ስም አጥንቶ መጥቷል፤ አንድ በአንድ ቆጠረ፣ ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁን አልቀነሰም። አባቴ በየስሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ የእኛን ጀመሩ። እኔም በልቤ እከተላለሁ፤ እኔ፣ እሳቸው፣ አያቴ፣ ቅድመ አያቴ። ከቅድመ አያቴ ቀጥሎ በዕድሜዬ ሰምቼው የማላውቀው ስም ጠሩ። ከዚያ የማውቃቸው ቀጠሉ፣ በአንድ አንድ ቦታ ወደ ኋላ ተገፍተው። የመጨረሻው ከቆጠራው ውጭ ሆኖ ቀረ። ስም ከስም አልገጠመም። አባቴ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፤ ልጄ ስታለቅስ እጮኛዋ ደግሞ አብሮ "አሜን" ይላል፣ አንዳንዴ ካለቦታው።

ማታ በመኪና ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ከፊት ተቀምጠዋል።

"ከቅድመ አያቴ ቀጥሎ የጠሩት ማነው?" አልኳቸው።

"የአባቴ አያት ነው።"

"ጆሮዬን እየቆነጠጡ ሲያስጠኑኝ አልነበረም።"

"ያኔ ዘለልኩት። ለእኔም አባቴ አልነገረኝም፤ ከአክስቴ ነው የሰማሁት።"

መብራት ያዘኝ። ቆምኩ።

"ምን አድርጎ ነው?"

"በቅሎ" አሉ።

"የሰው በቅሎ?"

"የሰው።"

"ተያዘ?"

"አልተያዘም። በበቅሎዋ ሄደ። ወደ እኛ አገር የመጣው ያኔ ነው።"

"ባለቤቱስ?"

አባቴ መስኮቱን አዩ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ነዳሁ።

ከአራት ዓመት በኋላ አረፉ። በዚያ ጉዳይ የሰጡት ሌላ ብይን የለም።

ወጪ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ዶላር። ገቢ፣ አንድ ጣቃ ሰማያዊ ጨርቅ፤ አልሸጥኩትም። ያልተከፈለ፣ አንድ በቅሎ።